ሲጥ የሚል በር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ስለ ቁም ሳጥን፣ ስለ ቡፌና ስለ ወጥ ቤት ካቢኔት በሮች ጩኸት የላካችሁልንን ጥያቄዎች ለዚህ እትም ሰብስበናቸዋል። አብዛኞቹ «የትኛውን ዘይት ልቀባ?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ዘይቱን ወደ ኋላ እናቆየውና «ጩኸቱ ከየት ነው? ለምንስ መጣ?» የሚለውን እናስቀድም። ቆሻሻ ሳይጠረግ፣ የላላ ብሎን ሳይጠብቅ፣ የዕቃው አቋቋም ሳይስተካከል የተቀባ ዘይት ጩኸቱን ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት በር የእንጨት ቁም ሳጥን አለን። የቀኙ በር ሲከፈት ሲጥ ይላል። የምግብ ዘይት ጠብ ስናደርግበት ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም ይልና ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ማጠፊያዎቹ ይቀየሩ ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ለመቀየር አይቸኩሉ። ጩኸቱን እየመለሰ የሚያመጣባችሁ ያው የምግብ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ ይጣበቃል። መጥበሻ ጠርዝ ላይ ደርቆ የሚቀረውን፣ በጥፍር ቢፍቁት እንኳ አልነሳ የሚለውን ቡናማ ነገር ያስታውሱ፤ ማጠፊያው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በዚያ ላይ አቧራ ይይዛል። ዘይቱና አቧራው ተለውሰው ብረቱን የሚፍቅ ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ።

ጩኸቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። የደረቁት ብረቶች ተፋትገው ሲዞሩ ይያያዛሉ፤ ይላቀቃሉ፤ መልሰው ይያያዛሉ። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ማሲንቆም የሚጮኸው እንዲሁ ነው፤ በሙጫ የታሸው ደጋን ክሩን እየያዘ እየለቀቀ ያስጮኸዋል፣ ሳጥኑ ደግሞ ድምፁን ያጎላዋል። በቁም ሳጥኑ ላይ የማጉላቱን ሥራ የሚሠራው ሰፊው በር ነው። አንድ በር በፍጥነት ሲከፍቱት ዝም ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ሲሉ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። መያያዝና መላቀቁ የሚበረታው በዝግታ ሲሄድ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጮኸውን ማጠፊያ ይለዩ። በዚህ ላይ ጆሮ ያታልላል፤ ከላይኛው ማጠፊያ የወጣ ድምፅ በሩን ተከትሎ ወርዶ ከታች የመጣ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጣትዎን በማጠፊያው ላይ አሳርፈው በሌላ እጅዎ በሩን በዝግታ ይክፈቱ። የሚጮኸው ማጠፊያ ጣትዎን ይነዝረዋል። ሁሉንም በየተራ ይሞክሩ። ቀጥሎ በሩን ግማሽ ድረስ ከፍተው ከመያዣው በኩል ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ ያድርጉት። የማጠፊያው ክንፍ ከእንጨቱ ላይ ሲላወስ ካዩ ብሎኖቹ ላልተዋል ማለት ነው፤ በካቻቢቴ አጥብቀው እንደገና ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ ጩኸቱ እዚሁ ላይ ያበቃል፤ ዘይት አያስፈልግም።

ካላበቃ ማጠፊያውን ማጽዳት ነው። የዚህ ዓይነት ማጠፊያ ሁለት ክንፎች፣ ክንፎቹ የሚገናኙባቸው ትንንሽ ቱቦዎችና በቱቦዎቹ መሃል የሚያልፍ ፒን አሉት። ፒኑ የሚወጣ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በሩን ይዝጉ፤ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ወይም ቀጭን ሽብልቅ አስገብተው ክብደቱን ያሳርፉለት። አንድ ማጠፊያ ብቻ ይያዙ፤ የሁሉንም ፒን በአንዴ ማውጣት በሩን መጣል ነው። ከቱቦው ሥር ቀጭን ሚስማር ደግነው በመዶሻ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይምቱት። የወጣውን ፒን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ዝገቱን ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ያነሳዋል። ከዚያ በመስታወት ላይ ያንከባልሉት፤ ቀጥ ያለ ፒን ተንሸራቶ ይሄዳል፣ የተጣመመው እየዘለለ ይንከባለላል። በጥፍርዎም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሱት። ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ወይም ቦይ ካለው ፒኑ ተበልቷል፤ ማጠፊያ የሚቀየረው እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ነው።

የቱቦውን ውስጥ ጥጥ በተጠቀለለበት ስቲኪኒ ያጽዱ፤ ጥጡ ጥቁር ይዞ መውጣቱን እስኪያቆም ይቀያይሩት። ከዚያ ፒኑን በቫዝሊን ወይም በነጭ ግሪስ ይቀቡት። ለመላው ፒን ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ይበቃል፤ ፒኑ ማብረቅረቅ አለበት እንጂ መንጨብጨብ የለበትም። ፒኑን መልሰው ከከተቱ በኋላ በሩን 20 ጊዜ ያህል ከፍተው ይዝጉትና ተገፍቶ የወጣውን ቅባት ጠርገው ያንሱ። ጠርዙ ላይ የቀረው ቅባት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

የፒኑ ጫፎች ተቀጥቅጠው የተዘጉ ከሆነ ግን አይታገሉት፤ ማጠፊያው ይሰበራል። ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ላምባ እየነከሩ በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ይፈግፍጉ። በሩን ያንቀሳቅሱ፤ የሚወጣውን ጥቁር ፈሳሽ ይጥረጉ፤ ፈሳሹ እስኪጠራ ድረስ ይደጋግሙት። የናንተ በር የድሮው የምግብ ዘይት ስላለበት ሁለት ሦስት ዙር ሊወስድ ይችላል። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው 1 ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያድርጉበት። ላምባ እሳት አጠገብ አይሠራበትም፤ መስኮትም ይከፈት። አልኮልና ቲነር ግን ቫርኒሹን ስለሚያነሱ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤት ካቢኔታችን ማጠፊያዎች ከውጭ አይታዩም። አንደኛው በር ሲከፈት ሲጥ፣ ሲዘጋ ቀጭ ይላል። ከመያዣው በኩል ዝቅ ብሎም ከጎኑ ካለው በር ጋር ይፋተጋል። ማስተካከያ ብሎኖች እንዳሉት አይቻለሁ፤ ነገር ግን እንዳላበላሸው ፈርቼ አልነካሁትም።

መልስ፦ መፍራትዎ መልካም ነው፤ ብሎኖቹ ግን ለእርስዎው የተሠሩ ናቸው። ይህ ማጠፊያ ሦስት ክፍል አለው፦ በበሩ ጀርባ በተቆፈረ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ጽዋ፣ ከጽዋው የሚወጣ ክንድ፣ በካቢኔቱ ግድግዳ ላይ የታሰረ ሳህን። ክንዱ ሳህኑ ላይ ይቀመጣል። የሚጮኸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ክንዱና ጽዋው የሚገናኙባቸው ትንንሽ ፒኖች ደርቀዋል፣ ወይ ክንዱ ሳህኑ ላይ በደንብ አልተቀመጠም። ቀጭ የሚለውን በተመለከተ፣ በሩን በመጨረሻው ላይ ስቦ የሚዘጋው እስፕሪንግ ለስለስ ያለ ቀጭታ ያሰማል፤ እሱ ጤነኛ ነው። ጠንካራና ብረት ከብረት የተጋጨ የሚመስለው ግን ክንዱ ከሳህኑ መላቀቁን ይነግራል።

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ በሩን ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር ይውላል። አስቀድመው የጽዋውን ሁለት ብሎኖችና የሳህኑን ብሎኖች በእጅ ካቻቢቴ ያጥብቁ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አያጥብቁ፤ ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪና ከኮላ የተጨመቀ ጣውላ) ላይ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ቀዳዳውን ፈጭቶ ባዶ ያስቀረዋል። ተጭኖ የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ክንዱን ከኋላ ባለው መክፈቻ አላቅቀው ቀጭ እስኪል መልሰው ይጫኑት። ከዚያ ወደ ማስተካከሉ ይሂዱ። ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን ብሎን የነበረበትን አቅጣጫ በእርሳስ ጭረት ያድርጉበት፤ ቢሳሳቱ የሚመለሱበት ይኖርዎታል።

መጀመሪያ ከፍታ፦ የሳህኑን ብሎኖች ትንሽ አላልተው በሩን ወደሚፈለገው ከፍታ አንስተው ያጥብቁ። ቀጥሎ ጥልቀት፦ ክንዱ ላይ ካሉት ሁለት ብሎኖች ከበሩ የራቀው በሩን ከካቢኔቱ ፊት ያርቃል ወይም ያስጠጋል። በሩ ሲዘጋ ማጠፊያው ባለበት በኩል የካቢኔቱን ጠርዝ የሚፍቅ ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ማራቅ ይበቃል። በመጨረሻ ጎን፦ ለበሩ የቀረበው ብሎን በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስዳል። የእርስዎ በር ከመያዣው በኩል ስለወረደ የላይኛው ማጠፊያ በሩን ወደ ራሱ ግድግዳ እንዲስብ፣ የታችኛው ደግሞ እንዲገፋ ያድርጉ፤ የወረደው ጥግ ይነሳል። የመዞሪያው አቅጣጫ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሩብ ዙር አዙረው፣ በሩን ዘግተው፣ አይተው ይቀጥሉ። በሁለት በሮች መሃል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ ሲታይ ያቁሙ።

ቅባቱ አሁን ነው የሚመጣው። በቀጥታ ከጠርሙስ አያንጠባጥቡ፤ ዘይቱ በበሩ ጀርባ ይወርድና የቺፑዱ ጠርዝ ይጠጣዋል። የስቲኪኒ ጫፍ ቀጭን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ውስጥ ነክረው በየፒኑ ራስ ላይ ያስነኩት፤ በአንድ ማጠፊያ ላይ ከሦስት አራት ንክኪ አይበልጥም። ከሥሩ ወረቀት ይያዙ። ሲሊኮን ስፕሬይ ጥሩ ይሠራል፤ ሆኖም በሩን ወደፊት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሊቀቡት ካሰቡ ያስቡበት። ሲሊኮን የነካው እንጨት አዲስ ቀለም አልይዝ ብሎ ክብ ክብ ጉድጓዶች ያወጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በሩ በተስተካከለ በወሩ እንደገና ከወረደ የማጠፊያዎቹን ብዛት ይቁጠሩ። በተለመደው ልክ ቁመቱ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ በር 2፣ እስከ 160 ሴንቲ ሜትር 3፣ እስከ 200 ሴንቲ ሜትር 4 ማጠፊያ ያስፈልጋል፤ መስታወት የተለጠፈበት ከባድ በር ደግሞ ተጨማሪ ይፈልጋል። ባነሰ ማጠፊያ የተንጠለጠለ በር ምንም ቢቀባ መጮኹን አይተውም።

ጥያቄ፦ ብሎኑን ላጥብቀው ብል ዝም ብሎ ይዞራል፤ አይነክስም። ወፍራም ብሎን ላስገባበት?

መልስ፦ ወፍራም ብሎን ሁለት ችግር አለው። ራሱ ከማጠፊያው ቀዳዳ በላይ ወጥቶ ክንፎቹ እንዳይገጥሙ ያደርጋል፤ ሲገባም እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ረጅም ብሎን ደግሞ በሩን በስቶ ይወጣል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ለሆነ በር የሚሆነው 3.5 በ16 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው። ስለዚህ ብሎኑን ትተው ቀዳዳውን ይጠግኑት።

በሩ ወጥ እንጨት ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ስቲኪኒ የእንጨት ኮላ ነክረው ቀዳዳው ውስጥ እስኪጠብቅ ይጠቅጥቁ፤ ትርፉን በምላጭ ቆርጠው ለ24 ሰዓት ይተዉት። ከዚያ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ መሃሉን በስተው ብሎኑን በእጅ ያስገቡ። ኮላው ሳይደርቅ ብሎን የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ እንጨቱን ወደ ጎን ከመግፋት በቀር አይጠቅምም።

ቺፑድ ላይ ስቲኪኒው ለጊዜው ብቻ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ፍርፋሪ አንዴ ስለተላቀቀ ኮላው የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም። እዚህ ላይ ፍርፋሪውን ጨርሶ ማውጣት ነው። በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀዳዳውን ያስፉ፤ ፑንታው በሩን በስቶ እንዳይወጣ ከጫፉ 12 ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት። ዱቄቱን እፍ ብለው ካጸዱ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የእንጨት ዘንግ ኮላ ቀብተው ያስገቡ፤ ሲደርቅ ከገጹ ጋር እኩል አድርገው ይቁረጡት። ብሎኑ አሁን የሚነክሰው ወጥ እንጨት ነው።

የጽዋው ጉድጓድ ራሱ ተፈረካክሶ ከሆነ ግን ማጠፊያውን ከተጎዳው ቦታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዛወር ይሻላል፤ ሳህኑም አብሮ ይዛወራል። የዕቃ ማጠቢያ አጠገብ ያለ በር ውሃ ጠጥቶ ካበጠ አይድንም። ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው ውፍረቱ አይመለስም፤ ብሎንም አይዝም።

ጥያቄ፦ ማጠፊያዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ግን ዝናብ በሚበዛበት ወቅት የቡፌው በር ይጠብቅና ሲከፈት እንጨቱ ራሱ ይጮኻል። በመላጊያ ትንሽ ላንሳለት?

መልስ፦ በፍጹም ወዲያው መላጊያ አያንሱ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፤ በቁመቱ ግን ከምንም አይቆጠርም። 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወጥ እንጨት በር በደረቅና በእርጥብ ወቅት መካከል በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። በእርጥቡ ወቅት የላጉት በር በደረቁ ሲኮማተር ክፍተቱ አፉን ይከፍታል፤ የተላገ ደግሞ አይመለስም።

የሚፋተገውን ቦታ ለማግኘት የካቢኔቱን ጠርዝ በጠመኔ አሽተው በሩን ዘግተው ይክፈቱ። ጠመኔው የተላለፈበት የበሩ ክፍል የሚነካው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ጣት የማይበልጥ ርዝመት ያለው ቦታ ሆኖ ይገኛል። እዚያ ላይ ነጭ ሻማ ጫን አድርገው ይሹት፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ይሞክሩት። ሰም እንጨቱን አያርስም፤ ስለዚህ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲፋተግ ከዘይት ይሻላል። ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል፤ የኋላ ቫርኒሽንም አያስይዝም።

ሻማው ካልበቃ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ጠቅልለው ጠመኔው ያሳየውን ቦታ ብቻ ያሹት፤ በቁጥር 180 ያለስልሱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዋናው። ራቁቱን የቀረውን እንጨት ቫርኒሽ ያድርጉለት። የበሩን የላይና የታች ጠርዞችም በእጅዎ ዳስሰው ይዩ። ሻካራ ከሆኑ ሲሠራ አልተቀቡም ማለት ነው፤ የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ ደግሞ ከሌላው ገጽ ሁሉ አብልጦ እርጥበት ይጠጣል። በደረቁ ወቅት ሁለት እጅ ቫርኒሽ ከቀቡላቸው በሩ በቀጣዩ ዝናብ እንደዚህ አያብጥም።

ጥያቄ፦ ቤት ከቀየርን ወዲህ ያው ደህና የነበረው ቁም ሳጥን መጮኽ ጀመረ። በሮቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሏል። በጉዞ ተጎድቶ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት የተጎዳ ነገር የለም፤ ወለሉ ነው የተለየው። ቁም ሳጥን ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ካላረፈ መላው ሳጥን ይጣመማል፣ ማጠፊያዎቹ ከአንድ መስመር ይወጣሉ፣ ፒኖቹም ጎናቸውን ተጭነው ይዞራሉ። እንዲህ ላለው ጩኸት ማጠፊያውን መንካት ስህተት ነው። በሮቹን በማስተካከያ ብሎን ቢያቃኗቸው እንኳ ዕቃው በተነሳ ቁጥር እንደገና ይጣመማሉ።

በሮቹን ከፍተው ውሃ ልክ በሳጥኑ ወለል ላይ አንዴ በአግድም፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ ያኑሩ። ውሃ ልክ ከሌለ ሜትር ይበቃል። የበሩን አፍ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች፣ ከዚያም ከቀኝ ላይ ወደ ግራ ታች ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ አፉ ትክክል ነው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሳጥኑ ተዛብቷል። ዕቃውን አስወጥተው፣ ሁለት ሰው ሆነው፣ ባላረፈው እግር ሥር ቀጭን ሽብልቅ እየጨመሩ ይለኩ። የላስቲክ ወይም የጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ይሁን፤ ካርቶን በክብደት ይሟሽሻል።

ሽብልቁ ካላስተካከለው ጀርባውን ይመልከቱ። ያ ቀጭን የጀርባ ኮምፔንሳቶ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። በጉዞ ላይ ሚስማሮቹ ይነቀሉና ሳጥኑ እንደ ተከፈተ ካርቶን ወዲያና ወዲህ ይላል። ሁለቱን ሰያፍ ልኮች እኩል አድርጋችሁ ሳጥኑን ይዛችሁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አዲስ ብሎን ወይም ሚስማር ይምቱበት። ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው ሲመልሱም ከላይ በኩል ከግድግዳው ጋር እሰሩት፤ በሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፣ ሕፃን ከተንጠለጠለበት ሊወድቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው ስፕሬይ ለማጠፊያ ይሆናል ወይስ አይሆንም? አንዱ ጥሩ ነው ይላል፣ ሌላው አይነካ ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ከፊሉን ይዘዋል። ስሙ ከእንግሊዝኛ ሲፈታ ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛ ሙከራ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ ብረትን ከእርጥበትና ከዝገት ለመከላከል ነው የተሠራው። ስለዚህ የተጣበቀን ለማላቀቅ፣ ዝገትን ለማለስለስ፣ የድሮ ዘይት ለማጠብ ግሩም ነው፤ ያለሰልሳልም። ነገር ግን የሚተወው ቅባት ስስ ስለሆነ ብዙ በሚከፈት በር ላይ አይቆይም። እንደ ማጽጃ ይጠቀሙበት፤ በጨርቅ ጠርገው ሲያነሱ በላዩ ላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ያድርጉ። እንዲህ ያለ ስፕሬይ እሳት ይይዛል፤ ምድጃ በበራበት ክፍል አይነፋም።

ጥያቄ፦ በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ማጠፊያ ማፏጨት ጀመረ። ልቀባው?

መልስ፦ ቀስ አድርጎ የሚዘጋውን የታሸገውን ክፍል አይቅቡ፤ ውስጡ የራሱ ፈሳሽ ስላለው ከውጭ የገባ ዘይት አይደርስለትም። መጀመሪያ ማዝጊያውን ያጥፉት (ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች) ወይም ከማጠፊያው ላይ ይንቀሉት፤ በሩን ይሞክሩ። ጩኸቱ ከጠፋ ማዝጊያው አልቋል፤ እሱ ብቻ ይቀየራል። ካልጠፋ የማጠፊያው ፒኖች ናቸው፤ ከላይ እንዳልነው በስቲኪኒ ጫፍ ያስነኳቸው።

ጥያቄ፦ መሳቢያዎቹስ?

መልስ፦ የእንጨት መሳቢያ ከሆነ አውጥተው ገልብጡት፤ ከሥሩ ጠርዝ ላይ የሚያብረቀርቅና የተላላጠ መስመር ይታያል። እሱንና የሚሄድበትን ሐዲድ በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሻማ ይሹበት። የብረት ሐዲድ ካለው አቧራውንና ፀጉሩን በብሩሽ አውጡ፤ የድሮውን ግሪስ በላምባ አጥባችሁ በየሐዲዱ እንደ ምስር ፍሬ ያለ አዲስ ግሪስ በጣት አሰራጩ። ትንንሾቹ ኳሶች ከቦታቸው ወድቀው ከሆነ ሐዲዱ በጥንድ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መሳቢያው ይጣመማል።

ጥያቄ፦ የድሮ ቡፌ ቀለም ካስቀባን በኋላ በሮቹ ሲከፈቱ ይንጫጫሉ፤ ሲዘጉም ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ አልገጥም ይላሉ።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደርቦባችኋል። ጫጫታው ቀለም በማጠፊያው ቱቦዎች መሃል ገብቶ ደርቆ ነው፤ በሩ ሲዞር ቀለሙ እየተሰነጠቀ ይጮኻል። በምላጭ ጫፍ በየቱቦው መገጣጠሚያ ዙሪያውን ይቁረጡ። ከተቻለ ማጠፊያውን ፈትተው ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ውሃው ማንኪያ ሙሉ ሳሙና ካለበት ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። ጠርገው ፈጽሞ ሲደርቅ ቅቡት። የብሎኖቹን ራስ ቀለም ሳይጠርጉ ለመፍታት አይሞክሩ፤ መስቀሉ ይበላል።

ወደ ኋላ መመለሱ ደግሞ የማጠፊያው ክንፍ ከልክ በላይ ወደ እንጨቱ ጠልቋል ማለት ነው። ክንፎቹ ሳይገጥሙ በፊት በሩና የሳጥኑ ጠርዝ ማጠፊያው ባለበት በኩል ይነካካሉ፤ ገፍተው ሲዘጉት በሩ እንደ እስፕሪንግ ይመለሳል፣ ብሎኖቹንም ቀስ በቀስ ይነቅላቸዋል። ለማረጋገጥ በሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አድርገው ማጠፊያው ባለበት ጠርዝ ላይ ወረቀት ያስገቡ፤ ወረቀቱ ከተያዘ ምክንያቱ እሱ ነው። የአንዱን ክንፍ ብሎኖች ፈትተው በክንፉ ልክ የተቆረጠ ስስ ካርቶን ከሥሩ ያስገቡና መልሰው ይሰሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ድርብ ብቻ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማጠፊያው ላይ ሲጨመር በሩ ወደ መያዣው በኩል ይገፋል። ሁለት ድርብ ካስፈለገ ክፍተቱን መልሰው ይለኩ።

ጥያቄ፦ ሕፃን ያስተኛንበት ክፍል ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ሌሊት ሲከፈት ያስደነግጠዋል። እስክንጠግነው ድረስ ለዛሬ ማታ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም ከዚያ የለሰለሰ፣ ቀርጸው የጥቁሩን ዱቄት በወረቀት ላይ ይሰብስቡ። ወረቀቱን አጥፈው ዱቄቱን በማጠፊያው መገጣጠሚያ ላይ ያፍስሱ፤ በሩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍተው ይዝጉ። ዱቄቱ ልብስ ያጠቁራልና ከሥር ያለውን ልብስ አስቀድመው ያንሱ። ለሌሊቱ በሩን ሲከፍቱ ደግሞ መያዣውን ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ክብደቱ ከማጠፊያው ላይ ስለሚቀንስ ብዙውን ጊዜ ሳይጮኽ ይከፈታል።